የፒክአፕ ካኖፒን በገዛ እጅ ማሻሻል፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳ፣ በአንኮበር፣ በዓለም ከተማና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ፒክአፕ ይዘው ለመስክ ሥራ ወይም ለጉዞ ለሚወጡ፣ የኋላውን የጭነት ሣጥን (ካሶኒ) ካኖፒ በሚባለው ጠንካራ ክዳን ሸፍነው ዕቃ የሚጠበቅበትና ሰው የሚያድርበት ቦታ ሊያደርጉት ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የዞናችን መልክዓ ምድር ይህን ሥራ ጥንቃቄ የሚሻ ያደርገዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከሚገኘው ከመንዝ ጓሳ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሸዋ ሮቢት በአንድ ቀን መውረድ ይቻላል፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ያው አንድ ካኖፒ ሌሊቱን ውርጭ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቆላ ሙቀትና ትንኝ ይቀበላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአንድ ቅደም ተከተል ላይ የቆሙ ናቸው፤ ውኃ ይቅደም፣ አየር ይከተል፣ ክብደት ይመዘን፣ አልጋውና መብራቱ ከዚያ በኋላ ይምጡ። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሥራ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበትም በመጀመሪያው ክረምት ይበላሻል።

የፋይበር ካኖፒ ይሻላል ወይስ በላሜራ የተበየደ?

የፋይበር ግላስ ካኖፒ ለአንድ የመኪና ሞዴል ተለክቶ የሚሠራ ነው። ለደብል ጋቢና የሚሆነው እንደ አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 90 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አይዝግም፤ ብርድንም እንደ ብረት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። አዲሱ ውድ በመሆኑ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ያፈላልጋል። በዚህ ጊዜ የመኪናውን ስም ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል፤ ስሙ አንድ የሆነ መኪና እንኳ በተሠራበት ዓመትና በጋቢናው ዓይነት የካሶኒው ርዝመትና የጠርዙ ቅርጽ ይለያያል። ስለዚህ የካሶኒዎን ርዝመት፣ በጋቢናው በኩልና በኋላ በኩል ያለውን ስፋት፣ ከካሶኒው ጠርዝ እስከ ጋቢናው ጣሪያ ያለውን ከፍታ ለክተው፣ የጠርዙንም ቅርጽ በካርቶን ቆርጠው ይዘው ይሂዱ።

የላሜራ ካኖፒ ትልቁ ጥቅሙ ደብረ ብርሃንም ሆነ አጣዬ ውስጥ ያለ ማንኛውም በያጅ ሊሠራውና ሊጠግነው መቻሉ ነው። ጉዳቱ ክብደቱና ቅዝቃዜው ነው። አንድ ሜትር ስኩዌር የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ 8 ኪሎ ይጠጋል፤ 6 ሜትር ስኩዌር ላሜራና 20 ሜትር ያህል 30 በ30 የሆነ ቱቦላሬ ሲደመሩ መስኮትና በር ሳይገባላቸው ከ70 ኪሎ ያልፋሉ፤ ላሜራው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ይደርሳሉ። እኔ በመኪናው ውስጥ ለሚያድር ሰው ፋይበሩን፣ ዕቃ ብቻ ለሚያመላልስ ሰው ላሜራውን እመክራለሁ። ብየዳው የሚሠራው ካኖፒው ከመኪናው ወርዶ መሆን አለበት፤ የግድ መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ የባትሪው ገመዶች አስቀድመው ይፈቱ፤ አለዚያ የብየዳው ኃይል የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል።

ካኖፒውን ጭኛለሁ፤ የመጀመሪያው ሥራ ምን ይሁን?

የመጀመሪያው ሥራ ውኃ በየት እንደሚገባ ማወቅ ነው። አንድ ሰው መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ውኃ ያፍስስ። ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣት ይገባል፤ መጀመሪያ ካኖፒው ከካሶኒው ጠርዝ ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ቀጥሎ የመስኮቶቹ ዙሪያ፣ ከዚያ የጣሪያው ቡሎኖችና የኋላው በር ይፈተሹ። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያርሰው ቀዳዳው የት እንዳለ አይለይም። ውስጥ ያለው ሰው ርጥበቱን ባየበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ሲመሽ ደግሞ ውስጡ መብራት አብርቶ ከውጭ ዙሪያውን መመልከት ጠቃሚ ነው፤ ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ አቧራም ያስገባል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ካኖፒው በካሶኒው ጠርዝ ላይ የሚያርፍበት ጎማ ነው፤ ያረጀ ጎማ ተደፍጥጦ ይቀራል እንጂ ተመልሶ አይነሣም። ይህ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ ይተካ፤ መጋጠሚያውም በጋቢናው በኩል ሳይሆን በኋላ በኩል ይሁን፤ መኪናው ሲሄድ ዝናቡ በኃይል የሚመታው የፊቱን ስለሆነ ነው። ሁለተኛው የኋላው ስፖንዳ (የካሶኒው መዝጊያ) የታችኛው ክፍተት ነው። ስፖንዳው ጭነት እንዲይዝ እንጂ ውኃ እንዲከለክል አልተሠራም፤ ስለዚህ በሁለቱ ጎኖቹና በታቹ የመኪና በር ጎማ መለጠፍ ያስፈልጋል። በካሶኒው ወለል ላይ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን እንዳይደፈኑ፤ የገባ ውኃ መውጫ ካጣ ብረቱን ከሥሩ ይበላዋል።

ለማሸግ የትኛውን ሲሊኮን ልጠቀም?

ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ለብረት አይጠቀሙ፤ እየደረቀ ሲሄድ የሚያወጣው አሲድ ብረትን ያዝጋል፤ ቀለምም በላዩ አይዝም። ለመኪና መስታወትና ለአካል የሚሸጠው የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ የተሻለ ይይዛል፣ ንዝረትንም ይችላል። ማሸጊያው የሚለጠፈው ቦታ አስቀድሞ ከአሮጌው ማሸጊያ፣ ከሰምና ከቅባት መጽዳት አለበት፤ ማሸጊያው የማይዘው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ድክመት ሳይሆን በጽዳት ጉድለት ነው።

ፋይበሩንና ካሶኒውን ስበሳ ምን ልጠንቀቅ?

መብሳት ሳያስፈልግ የሚሠራውን ሁሉ ሳይበሱ ይሥሩት። ካኖፒው የካሶኒውን ጠርዝ በሚቆነጥጥ ክላምፕ ሊያዝ ይችላል፤ የአልጋው መደብም ፋብሪካው ለገመድ ማሰሪያ ባስቀመጣቸው ቀለበቶች ላይ ሊታሰር ይችላል። መብሳት የግድ ሲሆን ፋይበሩ ላይ መጀመሪያ ፕላስተር ይለጠፍ፣ ትራፓኖው በዝግታ ይዙር፣ ቀዳዳው ከቡሎኑ በጥቂቱ ሰፋ ይበል፣ ከውስጥም ከውጭም ሰፊ ሮንዴላ ይግባበት። ዳዶውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ፋይበሩን ይሰነጥቀዋል። የካሶኒው ብረት ከተበሳ የቀዳዳው ከንፈር በሞረድ ተስተካክሎ፣ ጸረ ዝገት ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ቡሎኑ ከማሸጊያ ጋር ይግባ። የፋይበር ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጥሩ ጭንብልና መነጽር ሳያደርጉ አይሞርዱ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይፈትጉ።

የተሰነጠቀ ፋይበር ቤት ውስጥ ይጠገናል?

ይጠገናል፤ ፖሊስተር ሬዚን፣ የፋይበር ምንጣፍና ማጠንከሪያ ይበቃሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሥራውን ያበላሻል፤ ሬዚኑ በአግባቡ እንዲጠነክር 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኝ፣ ነፋስ በማይበዛበት ቦታ ይሠራ። ብርዱን ለማካካስ ማጠንከሪያ አብዝቶ መጨመር ሬዚኑን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ የአምራቹ መጠን አይታለፍ።

ካኖፒው ሳያፈስ ጠዋት ጣሪያው የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰውም ፍሳሽ መስሎት በከንቱ ሲሊኮን ይጨምራል። ውኃው የመጣው ከተኛው ሰው ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው በጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር የሚቆጠር ውኃ ወደ አየሩ ያወጣል፤ ሁለት ሰው ሲያድር መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ይህ እርጥበት ያለበት ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ጣሪያ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ በደብረ ብርሃን አካባቢ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ በጣሪያው ውስጠኛ ገጽ ላይ አመዳይ ይሠራል፤ ፀሐይ ስትወጣም ቀልጦ በብርድ ልብሱ ላይ ይወርዳል።

መፍትሔው አየር ማስገባት ነው። ብርድ ሲጠና ሰው በተፈጥሮው ያለውን ክፍተት ሁሉ በጨርቅ መድፈን ይፈልጋል፤ ሆኖም የተደፈነ ካኖፒ ጠዋት ላይ የረጠበ ፍራሽና የረጠበ ልብስ ያስከትላል፤ የረጠበ ልብስ ደግሞ በሚቀጥለው ሌሊት አያሞቅም። ሁለት የአየር ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ከጣሪያው አጠገብ ከፍ ብሎ፤ ሞቃቱ አየር በላይኛው ሲወጣ ደረቁ አየር በታችኛው ይገባል። እያንዳንዳቸው የመዳፍ ስፋት ካላቸው ይበቃሉ። ዝናብ እንዳይገባባቸው ወደ ታች የተቆለመመ የላሜራ ክዳን ይሠራላቸው፤ ውስጡ ደግሞ በጥሩ ወንፊት ይሸፈን። ወንፊቱ በደጋው ትርፍ ይመስላል፤ ሸዋ ሮቢትና ቀወት ሲደርሱ ግን ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ ያለ ወንፊት መስኮት ከፍቶ ማደር አይገባም። እኔ ወንፊቱን በመስኮቶቹም ሁሉ ላይ በማግኔት ወይም በሚጣበቅ ማሰሪያ ተነቃይ አድርጎ መሥራትን እመርጣለሁ፤ ተነሥቶ ካልታጠበ በአንድ የበጋ ጉዞ በአቧራ ይደፈናልና።

ለጣሪያውና ለግድግዳው ምን ልለጥፍበት?

ውኃ የማይመጥ፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ የጎማ ስፖንጅ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተመራጭ ነው። በማስቲሽ ሲለጠፍ በጀርባው አየር እንዳይቀር እየተጫኑ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ከጀርባው ክፍተት ካለ እርጥቡ አየር ገብቶ እዚያው ውኃ ይሆናል፤ ሻጋታው ሽታው እስኪመጣ ድረስም አይታይም። ተራው የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ስለሚመጥ ለጣሪያ አይሆንም። የማስቲሹ ጭስ ራስ ያዞራል፤ መስኮትና በር ሁሉ ተከፍቶ ይሠራ፤ ሽታው ሳይጠፋም ማንም አይደርበት።

በዚህ ላይ የአገራችን ሱፍ የሚሰጠውን ጥቅም ሰው እንዲያስተውለው እወዳለሁ። በመንዝ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራው ባናና ዝተት ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ ያህል የሚሆን እርጥበት ከአየር ተቀብሎ እንኳ ለሰውነት የረጠበ ሆኖ አይሰማም፤ ቀን ሲሰጣ ያንኑ መልሶ ያወጣል፤ እንደ ናይለን ጨርቅም በቀላሉ አይቀጣጠልም። ባናውን ጣሪያው ላይ በማስቲሽ መለጠፍ ግን ጥቅሙን ማጥፋት ነው። በጋቢናው በኩል ባለው ግድግዳና በኋላው በር ላይ እንደ መጋረጃ ይንጠልጠል፣ ከፍራሹም በታች ይነጠፍ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ይውጣ። ብርዱ በብዛት ከታች እንደሚመጣ አይዘነጋ፤ የመኪናው ወለል ከሥሩ ነፋስ ስለሚመታው፣ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ከመደረብ ከታች አንድ መጨመር ይበልጣል።

ለማሞቂያ ከሰል ማያያዝ ይቻላል?

በፍጹም አይቻልም። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። አመድ የለበሰና የጠፋ የሚመስል ፍምም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ምድጃውን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያበቃ ማስገባት ከአደጋው አያድንም። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ከኋላው በር ክዳን በታች፣ ደጅ ይለኮስ። የጋዝ ሲሊንደርም ሰው በሚተኛበት ውስጥ አይደር። በጓሳ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ለመብሰል እንደሚዘገዩ አስቦ ነዳጅ ጨምሮ መያዝ ተገቢ ነው። ማታ ሊተኙ ሲሉ የፈላ ውኃ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ማስገባት አደጋ የሌለው ማሞቂያ ነው።

የደብል ጋቢና ካሶኒ አጭር ነው፤ እንዴት ልተኛበት?

የደብል ጋቢና ካሶኒ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ያለው ስፋትም 1.1 ሜትር ገደማ ነው። መደቡ ወለሉ ላይ ከተሠራ አዋቂ ሰው ተዘርግቶ መተኛት አይችልም። ከጎማዎቹ ጉብታ በላይ ከፍ ተደርጎ ቢሠራ ግን ስፋቱም ወደ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ በዚህን ጊዜ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 2.1 ሜትር ስለሚሆን አንድ ሰው በሰያፍ ተዘርግቶ ይተኛል። ከሥሩም ለዕቃ የሚሆን ቦታ ይገኛል።

ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው በማጠፊያ የሚዘረጋ መደብ ነው። ከስፖንዳው ፊት የሚገኘው 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍል በማንጠልጠያ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ማታ ስፖንዳው ሲከፈት በላዩ ይዘረጋል። ክፍት የሚሆነውን ቦታ ለመሸፈን ከኋላው በር ላይ የሚንጠለጠል ወፍራም ሸራ በልክ ይሰፋል፤ የሸራው ጫፍ ከስፖንዳው በታች መውረድ አለበት፤ ስፖንዳው ላይ ካረፈ ዝናቡን ወደ ፍራሹ ይመራዋል። የሸራ ሥራ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ይህን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ስፖንዳው ተከፍቶ መንዳት የሰሌዳ ቁጥርንም መብራትንም ሊሸፍን ስለሚችል አደጋም ጥፋትም ነው።

ለመደቡ የትኛው እንጨት ይሻላል?

ኮምፔርሳቶ። አንድ ሙሉ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ወደ 21 ኪሎ፣ 18 ሚሊ ሜትሩ ወደ 32 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሥሩ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ተሸካሚ ጣውላ ካለው 12ቱ ይበቃል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኛቸው አብጠው ስለሚፈርሱ ይቅሩ። ለተሸካሚው የደረቀ የፈረንጅ ጽድ ጣውላ ጥሩ ነው፤ ባሕር ዛፍ እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል። የእንጨቱ ጠርዞች በተለይ ቀለም ወይም ቫርኒሽ በደንብ ይጠጡ፤ ውኃ የሚገባው በጠርዝ ነው። በመደቡ ላይ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች በየቦታው ቢበሱ ከፍራሹ ሥር አየር ይዘዋወራል፤ ፍራሹም አይሻግትም።

መሳቢያ መሥራት የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። እኔ በክዳናቸው የሚዘጉ የፕላስቲክ ሣጥኖችን እመርጣለሁ፤ ይቀላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ወደ ቤትም ይገባሉ፤ በኮረኮንች መንገድ የመሳቢያ ሐዲድ በአቧራ ይጣበቃልና።

መብራትና የስልክ ኃይል እንዴት ልዘርጋ?

መጀመሪያ የሚያስፈልገዎትን ይደምሩ። 5 ዋት የኤልኢዲ መብራት ለ4 ሰዓት 20 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ስልክ መሙላት 15፣ አንድ ላፕቶፕ 60 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል። የሊቲየም ባትሪ ይቀላል፣ ከአቅሙም አብዛኛውን ይሰጣል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም። ጓሳ ወይም ደብረ ብርሃን ያደረ ባትሪ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቀው ቻርጅ ቢደረግ ይጎዳል፤ ስለዚህ ይህን የሚከለክል መቆጣጠሪያ ያለውን ይግዙ።

ገመዱ ላይ አይቆጥቡ። ከፊት ሞተሩ ጋር ካለው ባትሪ እስከ ኋላ 6 ሜትር ርቀት 10 አምፔር ቢሄድ፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ገመድ 0.8 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ በ6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ገመድ የሚጠፋው 0.35 ቮልት ገደማ ነው። 12 ቮልት ብቻ ባለበት መኪና የመጀመሪያው ኪሳራ ባትሪው ሞልቶ እንዳያውቅ ያደርገዋል። ፊውዙ በባትሪው አጠገብ፣ በአዎንታዊው ገመድ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ ብረት ላይ ተፈግፍጎ ቢላጥ እሳት የሚነሣው ከባትሪው እስከ ፊውዙ ባለው ክፍል ነውና። ገመዱ በብረት ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግበት። ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሪሌይም ያስፈልጋል፤ ይህን የመጨረሻ ግንኙነት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያየው መልካም ነው። ባለ 100 ዋት ሶላር በበጋ ለእንዲህ ያለ ፍላጎት ይበቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግና ደመና ስለሚበዛ በሞተሩ መሙላት ላይ ነው የሚታመነው።

ሁሉን አሽጌ አቧራ የሚገባው ለምንድን ነው?

ካሬ ጀርባ ያለው መኪና ሲሮጥ ከኋላው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጎማዎቹ ያነሡት አቧራ እዚያ ይሽከረከራል፣ በስፖንዳው ክፍተትም ወደ ውስጥ ይሳባል። የስፖንዳውን ጎማ ካስተካከሉ በኋላ በካኖፒው ጣሪያ ፊት ለፊት በኩል ወደ መንገዱ የሚከፈት፣ ማጣሪያ ስፖንጅ ያለበት የአየር መግቢያ ይሥሩ። መኪናው ሲሄድ በዚያ የሚገባው አየር የውስጡን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ አቧራው ከመግባት ይልቅ ይገፋል። የጎን መስኮት ከፍቶ መሄድ ተቃራኒውን ያደርጋል። ዝናብ ሲጥል መግቢያው እንዲዘጋ መሆን አለበት።

ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ወይም ድንኳን መጫን እችላለሁ?

ካኖፒው በውስጡ የብረት አጽም ከሌለው አይጫኑ። የጣሪያ ድንኳን ብቻውን 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ በኮረኮንች መንገድ እያንዳንዱ ዝላይ ያንን ክብደት ያበዛዋል፤ ባዶ ፋይበርም በቡሎኖቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። መጫን የግድ ከሆነ በውስጥ በኩል ከቱቦላሬ የተሠራ አጽም የጣሪያውን ጭነት በቀጥታ ወደ ካሶኒው ጠርዝ ያውርድ።

የክብደቱ ጉዳይ ከጣሪያው ያልፋል። ካኖፒው፣ መደቡ፣ ባትሪው፣ 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ጄሪካን ውኃ፣ ትርፍ ጎማና ዕቃው ሲደመሩ ሳይታወቅ 300 ኪሎ ይደርሳሉ፤ የሰዎቹ ክብደትም ከመኪናው የጭነት አቅም ላይ የሚቀነስ ነው። ባሌስትራ ማስጨመር መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ የፍሬኑን፣ የአክሱንና የሻንሲውን አቅም ግን አይጨምርም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው፣ ወይም የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ መርሐ ቤቴ የሚወጣ ሰው ይህን ሊያስብ ይገባል። በረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የተያዘ ከባድ መኪና ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል፤ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ይቀነስ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይታሰር። ከኋላው አክስ በስተኋላ የተጫነ ክብደት የፊት ጎማዎቹን እያቀለለ መሪውን ያሳጣል።

ለዚህ ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

በክላምፕ ተይዞ የሚነሣ ካኖፒና መኪናውን በቋሚነት የሚለውጥ ብየዳ የተለያዩ ናቸው። የመኪናውን አካል፣ ከፍታ ወይም የመቀመጫ ብዛት የሚለውጥ ሥራ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ስለማይስማማ፣ ሥራው ሳይጀመር የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ከሚደርስ ክርክር ያድናል። በምንም መልኩ የኋላ መብራቶችና ሰሌዳው አይሸፈኑ። መኪናው በሚሄድበት ጊዜም በካኖፒው ውስጥ ሰው አይጫን፤ መደብ አልጋ ነው፣ መቀመጫ አይደለም።

ጓሳ ላይ በመኪናዬ ማደር እችላለሁ?

የመንዝ ጓሳ በአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ክፍያውን መክፈልና በተፈቀደው ቦታ ማቆም ግዴታ ነው። ከሣሩ ላይ መኪና አያስገቡ፤ ለመንዝ ሰው የጓሳ ሣር የቤቱ ክዳንና የገመዱ መሥሪያ ነው፤ አባቶች ለዘመናት ቀሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት የጠበቁትም ለዚህ ነው። ውሻ ይዘው አይምጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ይተላለፋል፣ ቀበሮዎቹም በቁጥር ጥቂት ናቸው። ምግብ በክዳን ይዘጋ፣ ለጭላዳም አይሰጥ። ወደዚያም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ከዚያ ከመጡ ሾፌሮች ይጠይቁ።

ሥራውን መቼ ልጀምር? ከዚያስ በኋላ ምን ክትትል ይፈልጋል?

ከጥር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ቀኑ ደረቅ ስለሆነ ቀለምም ማሸጊያም ይደርቃል፣ የበልግ ዝናብ ሲመጣም ሥራው ይፈተናል። ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ክላምፖቹና ቡሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ጎማ ሲጫን ስለሚቀመጥ ይላላሉ። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ የፋይበሩ ገጽ ይነጣል፣ የመስኮት ጎማም ይደርቃል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ካኖፒውን ሰም መቀባትና ጎማዎቹን በሲሊኮን ዘይት ማሸት ዕድሜያቸውን ያራዝማል። በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከላይ የተገለጸው የውኃ ፍተሻ ይደገም፤ የካሶኒው ወለል ምንጣፍም ተነሥቶ ከሥሩ ዝገት መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ ዝገት ከተገኘም ያን ጊዜ ተፈትጎና ጸረ ዝገት ተቀብቶ በአንድ ቀን ያልቃል።